የቤትና የመኪና ኢንሹራንስ እድሳት ሲደርስ፦ ከነባሩ ጋር መቆየት ወይስ መቀየር? ለጎንደር ነዋሪ

የእድሳት ቀን ሲደርስ አብዛኛው ደንበኛ ቅርንጫፉ ገብቶ የሚጠይቀው «ዘንድሮ ስንት ገባ?» ብሎ ነው። አረቦኑ ካምናው ብዙም ካልጨመረ ከፍሎ፣ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ይወጣል። ከአንድ ኢንሹራንስ ጋር አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ሰው ደግሞ ያንንም አይጠይቅም። ወኪሉ ይደውልለትና «ጋሼ፣ አያስቡ፣ እኔ አሳድስልዎታለሁ፤ ብሩን ሲመችዎ ያስገባሉ» ይለዋል። ወኪሉ ለቅን ነገር ብሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አረቦን ካልተከፈለ ሽፋን የለም። ብሩ «ሲመች» እስኪገባ ባለው ሳምንት መኪናው ቢጋጭ ወይም ቤቱ ቢቃጠል የወኪሉ ቃል ካሳ አይሆንም።

ለመቆየትም ለመቀየርም ቀድሞ መታየት ያለበት ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ላይ የሰፈረው የዋስትና መጠን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ቢበዛ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። የነባር ደንበኛ ትልቁ ችግር አረቦኑ መወደዱ አይደለም፤ የዋስትናው መጠን ከዓመት ዓመት ሳይነካ መታደሱ ነው። ስለዚህ ሥራውን ውሉ ከሚያበቃበት ቀን ቢያንስ 30 ቀን አስቀድመው ይጀምሩ። ቤቱ ወይም መኪናው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ 45 ቀን ይስጡት፤ ባንኩ የራሱ ደብዳቤና የራሱ ወረፋ አለው።

ፖሊሲውን አውጥተው ያንብቡ

ብዙ ሰው እጁ ላይ ያለው ደረሰኝና የሦስተኛ ወገን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው መድን) ስቲከር ብቻ ነው። ያ ውሉ አይደለም። ቅርንጫፉ ሄደው የፖሊሲውን ሙሉ ቅጂ፣ ሰንጠረዡን (ስምዎ፣ ንብረቱ፣ መጠኑና ቀኑ ያለበት የፊት ገጽ ነው) እና እስካሁን የተጨመሩትን አባሪዎች ሁሉ ይጠይቁ። ሠራተኛዋ «ፋይሉ ውስጥ አለ» ካለችዎ፣ «እህቴ፣ ኮፒ አድርጊልኝና ማኅተም ይረፍበት» ይበሉ። ውልዎን ማግኘት መብትዎ ነው።

ቀኑን ሲያዩ ይጠንቀቁ። አብዛኛው ፖሊሲ የሚታተመው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 05/04 የሚለውን ሚያዝያ 5 ነው ብሎ ያነበበ ሰው ሽፋኑ ካበቃ በኋላ ሲያሽከረክር ይገኛል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ውሉ የሚያበቃው በፈረንጅ ቀን መለወጫ፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ጠዋት ሄዶ ማሳደስ ማለት ሌሊቱን ባዶ ማደር ነው። የማብቂያውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይረው የቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉት።

ከዚያ ስሙን ይመልከቱ። ጎንደር ውስጥ ብዙ ቤት ካርታው አሁንም በሟች አባት ወይም እናት ስም ነው፤ ወይም ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ የሚኖርበት ወንድም ወይም እህት ነው። ኢንሹራንሱ ለዓመታት አረቦን ሲቀበል ይህን አይጠይቅ ይሆናል፤ ካሳ ሲጠየቅ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ንብረቱ የማን ነው? አንተስ ምን ጥቅም አለህ?» የሚለው ነው። የወራሽነት ማስረጃ፣ ውክልና ወይም ስመ ንብረት ማዞር የሚያስፈልግ ከሆነ ከአደጋ በፊት ይጨርሱት። ይህን ቅርንጫፉ በራሱ አንስቶ ካስተካከለልዎ ስለ ነባሩ ድርጅት ጥሩ ምስክር ነው።

የዋስትናው መጠንና የዛሬው ዋጋ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና፣ የመለዋወጫና የግንባታ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ የሚነገረው የለም፤ ሁሉም በየቀኑ ያየዋል። ከዚያ በፊት በተጻፈ መጠን እየታደሰ የመጣ ፖሊሲ ግን ዋጋው ባለበት እንደቆመ ነው የሚያስበው።

ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ በቁጥር እንየው። መኪናዎ ዛሬ ገበያ ላይ 2,000,000 ብር ያወጣል እንበል። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው 1,100,000 ብር ነው። ይህ ማለት ኢንሹራንሱ የያዘው የንብረቱን 55 በመቶ ነው፤ ቀሪውን 45 በመቶ ለራስዎ ኢንሹራንስ የገቡት እርስዎ ነዎት። ከአዘዞ ሲመጡ ከኋላ ተገጭተው ወይም ዳር ስተው የጥገናው ወጪ 400,000 ብር ቢሆን፣ ብዙ ሰው «ዋስትናዬ አንድ ሚሊዮን ነው፣ አራት መቶው ሙሉ ይከፈለኛል» ብሎ ያስባል። ፖሊሲው ውስጥ የተመጣጣኝ ክፍያ አንቀጽ ካለ ግን ስሌቱ የ400,000 ብር 55 በመቶ ነው፤ 220,000 ብር። ከዚያ ላይ በራስዎ የሚሸፈነው (ኤክሰስ የሚሉት) 10,000 ብር ከሆነ እጅዎ የሚገባው 210,000 ነው። 190,000 ብሩ ከኪስ ይወጣል።

አሁን ደግሞ መጠኑን ወደ 2,000,000 ቢያሳድጉት ምን ይጨምራል? ለስሌት ያህል መጣኔው (አረቦኑ የዋስትናው መጠን ስንት በመቶ እንደሆነ) 3 በመቶ ነው ብንል አረቦኑ ከ33,000 ወደ 60,000 ይወጣል፤ ጭማሪው 27,000 ብር ነው። በዚያ አንድ አደጋ የሚያገኙት ደግሞ 390,000 ይሆናል፤ 180,000 ብር ልዩነት አለው። የነባር ደንበኛው «አረቦኔ አልጨመረም» የሚለው ደስታ በውስጡ የያዘው ይህን ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀውም ጋራዥ ቆሞ ነው።

በተቃራኒው ማጋነንም አይጠቅምም። ሁለት ሚሊዮን የሚያወጣውን መኪና ሦስት ሚሊዮን ብለው ቢያስመዘግቡት አረቦን ይበዛብዎታል እንጂ፣ ንብረቱ በአደጋው ቀን ካለው ዋጋ በላይ ሕጉ አያስከፍልም።

የመኪናውን ዋጋ ለማወቅ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ የስሪት ዓመትና ተመሳሳይ ሰሌዳ ያላቸውን ሦስት መኪኖች ዋጋ ይጠይቁ፤ ደላላ የሚጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን ይያዙ። መካከለኛውን ወስደው ለኢንሹራንሱ በደብዳቤ ያቅርቡና የእነርሱ ሰርቬየር (ንብረትና ጉዳት አይቶ የሚገምተው ባለሙያ) አይቶ እንዲያጸድቀው ይጠይቁ። መጠኑን የተስማማበት ወገን ኋላ ላይ «ዋጋው ሌላ ነበር» ለማለት ይቸግረዋል።

የቤቱ ስሌት ሌላ ነው

ፒያሳ አካባቢ ያለ ቤት በስንት እንደሚሸጥ ለኢንሹራንስ ምንም አይነግርዎትም። የሽያጩ ዋጋ ቦታውን ይዞ ነው፤ ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። የሚያስፈልገው መልሶ የመሥሪያው ወጪ ነው። አንድ የታመነ ኮንትራክተር ወይም መሐንዲስ ይዘው በካሬ ሜትር ስንት እንደሚያስወጣ ይጠይቁ፤ ከቆርቆሮው እስከ ኮርኒሱ፣ ከመብራት መስመሩ እስከ ሴራሚኩ። ለምሳሌ 110 ካሬ ሜትር የብሎኬት ቤት በካሬ 30,000 ብር ቢባል 3,300,000 ይመጣል። አጥር፣ የብረት በር፣ የውኃ ሮቶ ከነማማው፣ ሴፕቲክ ታንክ 450,000 ቢሆኑ 3,750,000። የፈረሰውን ለማንሳትና ለዲዛይን 10 በመቶ፣ 375,000 ሲጨመር 4,125,000 ብር። ያን ቁጥር በሚያድሱ ቁጥር እንደገና ይሥሩት።

የግድግዳውን ዓይነት እንዳለ ይናገሩ። የፊቱ ክፍል ብሎኬት፣ የጓሮው ሰርቪስ ደግሞ ጭቃ ከሆነ ሁለቱም ለየብቻ ይጻፉ። «ሙሉ ብሎኬት» ተብሎ ተጽፎ እሳቱ ከጭቃው ክፍል ቢነሳ ክርክር ይከተላል። ሰርቪሱን ያከራዩትም ቢሆን ይግለጹ፤ በተለይ ተከራዩ ዳቦ የሚጋግር፣ እንጨት የሚሠራ ወይም ነዳጅ በበርሜል የሚያስቀምጥ ከሆነ። ከውሉ በኋላ የጨመረን አደጋ ማሳወቅ የመድን ገቢው፣ ማለትም የእርስዎ ግዴታ ነው። አሥር ዓመት በቆየ ፖሊሲ ላይ ያለው የቤቱ ሁኔታ የአሥር ዓመት በፊቱ ነው፤ ሰው ግን ቤቱን ሳይነካ አሥር ዓመት አይቀመጥም።

መሠረታዊው የቤት ፖሊሲ የእሳትና የመብረቅ ነው። ሌላው ሁሉ ተጨምሮ የሚገዛ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ቀሃና አንገረብ ሲሞሉ ዳር ዳሩን ላለ ቤት የጎርፍ ሽፋን የግድ ነው፤ በተዳፋቱ ላይ ለተሠራ ቤት ደግሞ የመሬት መንሸራተት በጎርፉ ሽፋን ውስጥ ይግባ አይግባ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይገባም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ፍሪጅ በእሳት ፖሊሲ አይካስም፤ ዕቃውን ያበላሸው ኤሌክትሪክ ነው ይባላል። ከፍሪጁ ተነስቶ ቤቱን የያዘው እሳት ግን ይካሳል። የስርቆት ሽፋን በር ወይም መስኮት ተሰብሮ መገባቱን የሚያሳይ ምልክት ይፈልጋል፤ ክፍት በር ገብቶ የተወሰደ ወይም በቤት ሠራተኛና በዘበኛ የተወሰደ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ነው። ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ካልተዘረዘሩ አይገቡም፣ ቢገቡም ጣሪያ አላቸው። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ቤቱ ተዘግቶ የሚቀመጥ ከሆነ «ሰው ሳይኖርበት» የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሳያሳውቁ ሽፋኑ ሊቆም ይችላል።

አንድ አንቀጽ ደግሞ ጎንደርና አካባቢዋ የሚኖር ሰው ሳያነብ መፈረም የለበትም። ጦርነት፣ የእርስ በርስ ጦርነትና አመጽ ያደረሱት ጉዳት በመደበኛው የቤትም የመኪናም ፖሊሲ ውስጥ የለም። አድማና ሁከት በአባሪ ይጨመራል፤ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ደግሞ ራሱን የቻለ ሽፋን ነው። የአሁኑ ኢንሹራንስዎ ይህን በጎንደር ይሸጣል ወይ? በስንት? ለመኪናውስ ከከተማ ውጭ ሲወጣ? መልሱን በደብዳቤ ይውሰዱ። አንዱ ኢንሹራንስ ይህን ሰጥቶ ሌላው የማይሰጥ ከሆነ፣ የአምስትና የአሥር ሺህ ብር የአረቦን ልዩነት ለውሳኔው ብዙም አይመዝንም።

መኪናው፦ ልዩነቱ ያለው የት ላይ ነው

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ያለ እርሱ ቦሎም አይታደስም። ታሪፉ በመንግሥት የሚወሰን ስለሆነ ኢንሹራንሶችን በዚህ ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው። ማወቅ ያለብዎት አንድ ነገር ካሳው በሕግ የተወሰነ ጣሪያ እንዳለው ነው። ጉዳቱ ከጣሪያው ካለፈ ቀሪው በባለንብረቱ ላይ ይመጣል። የንብረትና የአካል ጉዳት ኃላፊነቱን ከጣሪያው በላይ የሚያሳድግ አባሪ ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከሚያስቡት ይረክሳል።

ትክክለኛው ውድድር በራስ መኪና ጉዳት ሽፋን ላይ ነው። እዚህ ላይ ፕሮፎርማ (የጋራዡ የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ) ሲመጣ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። መኪናው ፊት ለፊት ተጋጭቶ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ የግራ የፊት መብራትና ራዲያተር ተጎድተዋል እንበል። ጋራዡ አራቱንም «ይቀየር» ብሎ ያቀርባል። ሰርቬየሩ መጥቶ ኮፈኑን «ላሜራ ተመትቶ፣ ስቱኮ ተደርጎ ይቀባ» ይላል፤ ፓራውልቱን «ተመሳሳይ ምርት»፣ መብራቱን ኦሪጅናል። ከዚያ መኪናው የቆየ ከሆነ ከአዲሱ ዕቃ ላይ የእርጅና ቅናሽ ይነሳል። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች ኢንሹራንሱ መልሶ ይወስዳል፤ ጋራዡ ከሸጣቸው ዋጋቸው ከእርስዎ ክፍያ ላይ ሊቀነስ ይችላል። በዚህ ሁሉ መጨረሻ ሁለት ኢንሹራንሶች ለአንድ አደጋ የሚከፍሉት በጣም ሊራራቅ ይችላል፤ ልዩነቱም ያለው በሦስት ቦታ ነው፦ የእርጅና ቅናሹ ከስንት ዓመት ጀምሮ በስንት በመቶ እንደሚነሳ፣ ኦሪጅናል ዕቃ ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነ፣ በራስ የሚሸፈነው ቋሚ ገንዘብ ነው ወይስ የጉዳቱ መቶኛ። ሦስቱም ፖሊሲው ውስጥ ተጽፈዋል።

አጠቃቀሙም መስመር ይያዝ። ኮድ 2 (የግል) ሆኖ በመሃል በክፍያ ሰው የሚጭን መኪና፣ በቤተሰብ ስም ተመዝግቦ በተቀጠረ ሾፌር የሚሠራ ባጃጅ፣ ለሌላ ምድብ መንጃ ፈቃድ ባለው ሰው የሚነዳ የጭነት መኪና፦ እነዚህ ካሳ የሚያሳጡ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። ወደ መተማ ሄዶ ድንበር የሚሻገር መኪና ደግሞ የአገር ውስጡ ፖሊሲ ከድንበር ወዲያ አይከተለውም፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም ያሉበት የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል፤ እርሱም የሚሸፍነው ሦስተኛ ወገንን ነው እንጂ የራስዎን መኪና አይደለም።

ነባሩን ድርጅት እንዴት ይመዝኑታል

ረጅም ዝምድና ዋጋ አለው፤ ያንን አንክድም። ንጹሕ ፋይል ያለው ደንበኛ አጠራጣሪ ጉዳይ ሲገጥመው ሥራ አስኪያጁ ሊሟገትለት ይችላል። ግን ሥራ አስኪያጅ ይዛወራል፣ ወኪልም ድርጅት ይቀይራል። በጽሑፍ ያልተቀመጠ ዝምድና አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ሄደው የሚከተሉትን ይጠይቁ።

አንደኛውና ዋናው፦ የጎንደር ቅርንጫፍ እስከ ስንት ብር ድረስ ካሳ በራሱ ወስኖ ይከፍላል? ከዚያ በላይ ያለው ፋይል ባሕር ዳር ይሄዳል ወይስ አዲስ አበባ? አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወረቀቱ ሄዶ እስኪመለስ መኪናው ጋራዥ ይቆማል፣ የዕቃ ዋጋም በመሃል ይጨምራል። የቅርንጫፉ ሥልጣን 50,000 ብር ከሆነና የዛሬ ጥገና በትንሹ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ «ቅርንጫፋችን ቅርብ ነው» የሚለው ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ፦ ሰርቬየሩ ጎንደር ይኖራል ወይስ ተጠርቶ ይመጣል? ከደባርቅ ወይም ከመተማ መንገድ ላይ ለቆመ መኪና የመጎተቻ ክፍያው እስከ ስንት ነው? ከጋራዦች ጋር ያለው ውል ምን ይመስላል? ፕሮፎርማው ከጸደቀ በኋላ ዕቃው ቢወደድ ተጨማሪ ይጸድቃል?

ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ቦታ ይጠይቁ፤ ጋራዥ። የጋራዥ ባለቤት ከማንም በላይ ያውቃል፤ የትኛው ኢንሹራንስ በሁለት ሳምንት እንደሚከፍል፣ የትኛው ሦስት ወር እንደሚያስጠብቅ፣ የትኛው ሰርቬየር ዕቃ እንደሚያሳንስ። የእርስዎ ኢንሹራንስ ስም ሲነሳ ጋራዡ «ቅድሚያ ካልከፈልክ አልነካውም» ካለ፣ በዚያ ቃል ውስጥ የዓመታት ልምድ አለ። ቢያንስ ሦስት ጋራዥ ይጠይቁ። አንዱ ቂም ይኖረው ይሆናል፤ ሦስቱ አንድ ካሉ ግን ይመኑ።

የራስዎንም ታሪክ ይጻፉ። ባለፉት አምስት ዓመታት የጠየቁት ካሳ ካለ፦ አደጋው የደረሰበት ቀን፣ ያሳወቁበት ቀን፣ የጸደቀበት ቀን፣ ብሩ የገባበት ቀን፣ የጠየቁትና የተከፈለዎ። መዘግየቱ ከእርስዎ ወረቀት ነበር ወይስ ከእነርሱ? የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ዘግይቶ ከሆነ ኢንሹራንሱን መውቀስ አይገባም፤ አዲሱም ቢሆን ያንኑ ይጠብቃል።

ድርጅቱ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ለማየት በየዓመቱ ኦዲት ተደርጎ የሚወጣውን የሂሳብ መግለጫ ይጠይቁ። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ቅርንጫፍና ዋና መሥሪያ ቤት ያልፈቱትን አቤቱታም ወደዚያ ማቅረብ ይቻላል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ እኩል ነገር ያወዳድሩ

ከሁለት ወይም ከሦስት ሌሎች ኢንሹራንሶች ዋጋ ይጠይቁ። ከዚያ በላይ ማብዛት ያደናግራል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ይስጡ፤ ተመሳሳይ የዋስትና መጠን፣ ተመሳሳይ አጠቃቀም፣ ተመሳሳይ አባሪዎች። ዋጋው አረቦኑን፣ በላዩ የሚጨመር ቴምብርና ግብር ካለ እርሱን፣ በራስ የሚሸፈነውን፣ የእርጅና ቅናሹን ለየብቻ እንዲያሳይ ያድርጉ።

አንዱ 36,000 ብር ጠይቆ በራስ የሚሸፈነው ቋሚ 10,000 ይሁን። ሌላው 31,000 ጠይቆ «የጉዳቱ 10 በመቶ፣ ከ10,000 የማያንስ» ይበል። በ5,000 ብር የሚረክሰው ሁለተኛው ነው። ነገር ግን የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ አንደኛው 190,000፣ ሁለተኛው 180,000 ይከፍላል። እንዲህ ያለ አደጋ በሁለት ዓመት አንዴ ከደረሰ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ አምስት ዓመት አደጋ ሳይደርስበት ለሚነዳ ሰው ሁለተኛው ይሻለዋል፤ በየቀኑ የባሕር ዳርን መንገድ ለሚመላለስ ሾፌር አንደኛው።

ካሳ ላልጠየቁባቸው ዓመታት የሚሰጠው ቅናሽ ብዙ ሰው ከነባሩ እንዳይወጣ የሚይዘው ነገር ነው። «ብሄድ ቅናሼ ይቀርብኛል» ይላል። ከነባሩ ኢንሹራንስ ስንት ዓመት ካሳ እንዳልጠየቁና የቅናሹን መቶኛ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይውሰዱ፤ አዲሱ ይቀበለው እንደሆነ ብር ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ። የማይቀበል ከሆነ የቅናሹን ዋጋ በብር አስልተው በአዲሱ ዋጋ ላይ ይደምሩት። ይህንኑ ቅናሽ ለአነስተኛ ጉዳትም ያስቡት፦ ጥገናው 18,000፣ በራስ የሚሸፈነው 10,000 ቢሆን የሚከፈልዎ 8,000 ነው፤ አረቦኑ 60,000 ቅናሹ 20 በመቶ ከነበረ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚያጡት 12,000 ነው። ስፖኪዮና ፍሬቻ ተሰበረ ብሎ ካሳ መጠየቅ የሚያዋጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ሌላ ወገን ያለበት አደጋ ከሆነ ግን ካሳ ባይጠይቁም ያሳውቁ፤ ያኛው ሰው ከወራት በኋላ ሊከስ ይችላል። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 የሚሰጠው ጊዜ 5 ቀን ነው።

ዋጋዎቹን ይዘው መጀመሪያ ወደ ነባሩ ይመለሱ። «ይህን ያህል ዓመት አብረን ቆይተናል፤ የዋስትና መጠኑን ላስተካክል ነው፣ በዚህ መጠን ስንት ትጠይቁኛላችሁ? ኦሪጅናል ዕቃስ?» ይበሉ። ቅናሽ ለማግኘት ብቻ አይነጋገሩ፤ በራስ የሚሸፈነውን እንዲቀንሱ፣ የመጎተቻውን ጣሪያ እንዲያሳድጉ፣ የጎርፍ አባሪ እንዲጨምሩ መጠየቅ ከ2,000 ብር ቅናሽ ይበልጣል። የሰጡትን ሁሉ በአባሪ እንዲያወጡት ያድርጉ። ቅርንጫፉ ተገቢ የመወሰን ሥልጣን ካለው፣ ጋራዦች ካልተማረሩበትና መጠኑን በዛሬ ዋጋ ካስተካከለልዎ፣ የአረቦን ልዩነቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ በእኛ ምክር መቆየቱ ይሻላል። ካሳ በትንሽ ጉዳይ ሦስት ወር ያጓተተ፣ የሚፈልጉትን ሽፋን ጎንደር ላይ የማይሸጥ፣ ወይም ጥያቄዎን በጽሑፍ ለመመለስ የሚሸሽ ከሆነ ግን ዓመታቱ አይያዙዎት።

ለመሄድ ከወሰኑ

ውሉ መሃል ላይ አያቋርጡ። መድን ገቢው ራሱ ሲያቋርጥ የሚመለሰው ገንዘብ በአጭር ጊዜ ሰንጠረዥ ስለሚሰላ ስድስት ወር ቀርቶት የሄደ ሰው ግማሹን አያገኝም። እስከ ማብቂያው ይጠብቁ።

ለአዲሱ ኢንሹራንስ የሚሞላውን ማመልከቻ ወኪሉ እንዲሞላልዎ አይተዉ። ያለፉ አደጋዎችን፣ ከዚህ በፊት የከለከለ ኢንሹራንስ ካለ፣ የቤቱን ግድግዳ፣ የመኪናውን አጠቃቀም በእውነት ይጻፉ፤ የተደበቀ ነገር ውሉን ከሥሩ ሊያፈርሰው ይችላል። በወኪሉ እጅ የተጻፈ ስህተትም ከታች ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። መኪናው ሲፈተሽ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን አብረው ያረጋግጡ። በዚያ ቀን ኮፈኑ ላይ ያለ የቆየ ጭረት ይመዘገባል፤ ቀድመው ካላስጠገኑት አይሸፈንም።

ባንክ ብድር ካለ ከመክፈልዎ በፊት አዲሱን ኢንሹራንስ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አዲሱ ፖሊሲም የባንኩን ጥቅም የሚገልጽ አባሪ ይኑረው። ባንኩ ሳያውቅ የተቀየረ ፖሊሲ ምክንያት ሆኖ ባንኩ ራሱ ሌላ ኢንሹራንስ ገዝቶ ከሂሳብዎ ሊቆርጥ ይችላል።

ክፍያውን በድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ያስገቡ፤ በወኪል የግል ሂሳብ አይደለም። የአዲሱ ውል መጀመሪያ ሰዓት ከአሮጌው ማብቂያ ጋር መገጣጠሙን ሰንጠረዡ ላይ ያንብቡ፣ የሦስተኛ ወገኑን ስቲከር ለጥፈው የምስክር ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር ያኑሩ። በአሮጌው ውል ዘመን የደረሰ፣ ገና ያልተከፈለ ካሳ ካለ በመሄድዎ አይጠፋም፤ የአሮጌው ኢንሹራንስ ዕዳ ነው። ይርጋው (መጠየቅ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት 2 ዓመት ስለሆነ ፋይሉን በደብዳቤ እያስታወሱ፣ የተቀበሉበትን ማኅተም በቅጂው ላይ እያስመቱ ይቀጥሉ።

መጨረሻ ላይ አሮጌውን ፖሊሲ አይጣሉ። ከነአባሪዎቹ፣ ከነደረሰኞቹ በፕላስቲክ ከትተው ያስቀምጡት፤ የቤቱንና የመኪናውን ፎቶም በዚያው ቀን አንሥተው ውጭ ላለ ልጅ ወይም ዘመድ በስልክ ይላኩት። ቤት ሲቃጠል ወረቀቱም አብሮ ነው የሚቃጠለው።